የሰርግ ድንኳን ያልተተከለበት ግቢ

አንድ አባት ነበሩ። ሙያቸው አትክልተኛ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ግቢ ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ ቢሾፍቱ ገቡ። አቶ ወንድይራድ ይባላሉ። ይህን ታሪክ እንድነግራችሁ ፈቅደውልኛል። እንዲያውም «ሳይቀንሱ ይንገሩልኝ» ብለውኛል።

ያ የፈረንሳይ ቤተሰብ አንድ ልማድ ነበረው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረድ ስትል ሁሉም ከቤት ይወጣል። ከዛፉ ጥላ ሥር በብረት ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ይበላሉ፤ ይጫወታሉ፤ ልጆቹ ይሯሯጣሉ። አቶ ወንድይራድ ደግሞ ከዳር ቆመው በመቀሳቸው ይከረክማሉ። በልባቸው ምን ይሉ ነበር? «እኔም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ግቢ ይኖረኛል።»

እንዲህ ብሎ መመኘት ኃጢአት ነው? አይደለም።

ቢሾፍቱ ሲገቡ ጀመሩት። ሲባጎ ወጥረው ግቢውን ለአራት እኩል ከፈሉት። መሐል ላይ ውኃ የሚረጭ የድንጋይ ገንዳ ሠሩ። መንገዱን ነጭ ጠጠር አለበሱት። ግራና ቀኙን የፈረንጅ ጥድ ተክለው እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርገው ከረከሙት። ጽጌረዳው በመስመር፣ ላቬንደር የሚባለው ሐምራዊ አበባ በመስመር። በወይን ሐረግ ጥላ ሥር አንድ የብረት ጠረጴዛና አራት ወንበሮች አኖሩ። ሣሩማ ምንጣፍ ነው! መንገደኛ ሁሉ በበሩ ቀዳዳ እያየ ያደንቅ ነበር።

ግን ወገኖቼ፣ በዚያ ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ?

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ወደ ማታ ሻይ አፍልተው ይጠሯቸዋል። «ወንድዬ፣ ና እስቲ ዛሬ እንኳ እዚህ ቁጭ ብለን እንጠጣ።»

«ቆይ፣ ይቺን ጫፍ ላስተካክል።»

ሻዩ ይቀዘቅዛል። በማግስቱም «ቆይ» ነው። በሳምንቱም «ቆይ» ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ኋላ ላይ መጥራቱን ተዉት። ሻያቸውን ከጓዳው ደጃፍ በርጩማ ላይ ብቻቸውን መጠጣት ለመዱ።

አያችሁ፣ ከፈረንጆቹ ግቢ አከራከሙን ተማሩ፤ መቀመጡን አልተማሩም። እንዴትስ ይማሩት? በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «ይምጡ፣ አብረውን ይቀመጡ» ያላቸው አልነበረም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሰናይት። በሰባተኛው ዓመት ሰናይት ልታገባ ሆነ።

«አባባ፣ ድንኳኑ እዚሁ ግቢያችን ይተከልልኝ» አለቻቸው።

«እዚህ? ሦስት መቶ ሰው ሣሬ ላይ? ካስማ ሊመታበት? አይሆንም ልጄ። ጥሩ አዳራሽ እንፈልጋለን።»

«እኔ አዳራሽ አልፈለግሁም። ከአባቴ ቤት ነው መውጣት የምፈልገው።»

እናት ለመኑ። የእናት እኅት መጥታ ለመነች። አቶ ወንድይራድ ግን «የሰባት ዓመት ልፋቴን በአንድ ቀን አላስረግጥም» አሉ። ሰናይት ከአዳራሽ ተዳረች። ምላሹም በአክስቷ ቤት ሆነ። ልጅቷም ባሏን ተከትላ አዳማ ገባች።

ከዚያ በኋላ ልጅ ወለደች፤ ሴት ልጅ። አንድ ጊዜ ይዛት መጣች። ሕፃን ናት፤ ገና ድክ ድክ ማለቷ ነው። ላቬንደሩ መሐል ገብታ አበባውን በእጇ ጨበጠች። አያትየው ከወዲያ ማዶ ጮኹ፤ «ያዣት! ያዣት እንጂ!» ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች። ሰናይት ልጇን አቀፈች፤ ምሳ ሳትበላ ወጣች። ዳግመኛም አልመጣችም። ልጅና የልጅ ልጃቸው ሲናፍቋቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ብቻቸውን በአውቶቡስ አዳማ እየሄዱ ያዩአቸው ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ማክሰኞ ወይዘሮ ጥሩነሽ ደረቴን አሉ። ሐሙስ ጠዋት ዐረፉ።

አሁን ልብ በሉ። ዕድርተኛው ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ። ግን በሩ ላይ ቆመ። ለምን ቆመ? ሰውየውን ያውቃላ! የዕድሩ ዳኛ ቀረብ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሽ ወንድይራድ፣ ግቢው... እንግዲህ ሌላ ገላጣ ቦታ የለም። ውጭ መንገዱ ላይ እንትከለው ይሆን?» አሉ።

ይህን ስሙ። ሚስት ሞታ፣ ሰው የለቅሶ ድንኳን ለመትከል ሣር ያስፈቅዳል!

አቶ ወንድይራድ አንገታቸውን ደፉ። «እዚሁ ትከሉት» አሉ።

ካስማው ሣሩ ላይ ተመታ። የሰርጉን ድንኳን «አይሆንም» ብለው መለሱት፤ የለቅሶውን ድንኳን ግን ማን ይመልሰዋል? ሰርግ ይለምናል። ሞት ይለምናል? ያ ግቢ ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሞላ። ጽጌረዳውም ተረገጠ፤ ጠጠሩም ተበተነ፤ እሳቸውም ቁጭ ብለው አዩ።

ከሰዓት በኋላ ሰናይት ደረሰች። እያለቀሰች ገባች። ልጇን በእጇ ይዛለች። ሰው ሁሉ በሣሩ ላይ አቋርጦ ወደ ድንኳኑ ሲገባ፣ እሷ ግን የጠጠሩን መንገድ ይዛ በዙሪያ ሄደች። እናቷ ሞታባት እንኳ እግሯ ሣሩን ፈራ። ያቺ የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ቀና ብላ ጠየቀች፤

«እማዬ፣ እዚህ መርገጥ ይቻላል?»

አቶ ወንድይራድ ይህን ሰሙ። «መምህር፣ እስከዚያች ሰዓት ለጥሩነሽ እንባ አልወጣኝም ነበር» ብለውኛል። ተነሡ፤ ሊመልሱላት ፈለጉ። እዚያው ሣሩ ላይ በጉልበታቸው ወደቁ። ለቀስተኛው ለሚስታቸው ያለቀሱ መሰለው። ለሚስታቸውም ነበር፤ ለሌላውም ሁሉ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ሳይልኩ፣ ሰው ሳያስከትሉ ብቻቸውን አዳማ ወረዱ። ልጃቸው ፊት ቆሙና፣ «ሰናይት፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሏት።

ሰናይትም፣ «እኔ ይቅር ብዬሃለሁ አባባ። ግን እማዬን... አንድ ቀን እንኳ አብረሃት ቁጭ ብትል ምን ነበር?» አለች።

 

ዛሬ ሰናይት በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከነቤተሰቧ ትመጣለች። የጎረቤት ልጆች ይገባሉ። ባለፈው ሄጄ ነበር፤ ጥዱ ተንጋዷል፤ ሣሩ መሐል መሐሉ ተመልጧል። «ግቢው ተጎዳ እኮ» አልኋቸው። «ሣርማ ይበቅላል፣ መምህር» አሉኝ። የማይበቅለው ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ወገኖቼ፣ ውብ ነገር ክፉ ነው እያልኋችሁ አይደለም። የመጀመሪያውን የአትክልት ስፍራ የተከለው ማን ነው? እግዚአብሔር ራሱ አይደለም? ከተከለ በኋላስ ምን አደረገ? ሰውን አኖረበት። በመሸም ጊዜ መጥቶ «ወዴት ነህ?» ብሎ የፈለገው ሰውን ነው እንጂ ዛፎቹን አልቈጠረም።

እናንተስ? ስንቶቻችሁ ለእንግዳ ብላችሁ ያስዋባችሁትን ሳሎን በልጆቻችሁ ላይ ቆልፋችኋል? ስንቶቻችሁ «ቤቱ ተሠርቶ ይለቅና እናቴን አመጣታለሁ» ትላላችሁ? እናት ቀን ትጠብቃለች? ስንቶቻችሁስ አጠገባችሁ ለምትጠራችሁ ሚስት፣ ለሚጠራችሁ ባል «ቆይ» ብላችሁ ዛሬ ወጥታችኋል?

እኔም ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት ብያለሁ። ስለዚህ ከዚህ ስወርድ በቀጥታ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ስብከቱን አታመስግኑልኝ። ያስቀየማችሁት ልጅ ካለ ደውሉለት፤ ብቻዋን የምትበላ እናት ካለች ሄዳችሁ አጠገቧ ተቀመጡ።

ሰው ሳይጠራን ቀድመን የምንሄድበትን እግር፣ የሰማዩ አባት ለሁላችን ይስጠን። አሜን።