የሽማግሌው ስልክ

አንድ በሰፈሩ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሽ ደምሰው ይባላሉ። ሚስት ለማግባት ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነበር። እሳቸው ቆመው ለምነው ልጁን የከለከለ አባት አልተገኘም።

ከዕለታት አንድ ቀን አንጀታቸውን ታመው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ዳኑ። ግን ከዚያ ወዲህ ሰገራቸው ሆዳቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እየወጣ ቆዳቸው ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይጠራቀም ጀመር። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳለ ከረጢቱ በጎኑ አፈሰሰ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ማንም አላየም። እሳቸው ግን አገር ምድሩ ያየ መሰላቸው። ከዚያ በኋላ የትም ቢጠሩ መልሳቸው «አይመቸኝም» ሆነ።

ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ ናሁሰናይም የሚያገባትን ልጅ አግኝቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።»

«ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ልጅቷን አልወደዷትም ማለት ነው» ብሎ ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። ይህች ቃል ከሕመሙ ይልቅ አንገበገበቻቸው።

ለክትትል ሐኪም ቤት ሲሄዱ ነገሩን አፍነው መያዝ አቅቷቸው ለነርሷ ሁሉንም ዘረገፉላት።

«ምነው እስካሁን ሳይነግሩኝ!» አለች። ከከረጢቱ ሥር የሚለጠፍ ስስ ነገር አምጥታ ከስልካቸው ጋር አገናኘችላቸው። «ከሥር መርጠብ ሲጀምር ስልክዎ ይንቀጠቀጣል። ልብስዎ ጋ ሳይደርስ ያውቃሉ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ ይርሱት!»

ጋሽ ደምሰው ናሁሰናይን አስጠርተው ምክንያታቸውን ነገሩትና «እሄዳለሁ» አሉት።

በቀጠሮው ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር በልጅቷ አባት ፊት ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉም እንደ ደንቡ የመጡበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ንግግራቸውን እንደ ጀመሩ ኪሳቸው ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አልደነገጡም። ይቅርታ ጠይቀው መታጠቢያ ቤት ገቡ፣ ከረጢቱን ቀየሩ፣ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ቆሙ።

«መቆሙ ደከመዎት እንዴ?» አሉ አባትየው።

ጋሽ ደምሰው ስልኩን ከኪሳቸው አወጡ። «የለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሆዴ ላይ ከረጢት ይዤ ነው የምኖረው። ሊያፈስ ሲል ይህ ስልክ ቀድሞ ይነግረኛል።»

አባትየው ወደ ጓዳው በር ዞር ብለው «እህቴም እንደርስዎ ናት» አሉ። «ከሰው ፊት ከጠፋች ቆየች፤ ዛሬም እንግዳ መጣ ብላ ተደብቃለች። እባክዎ ቁጭ ይበሉና ይህን ነገር ለእሷ ያስረዱልኝ። ልጄንማ ሰጥቻለሁ።»

ጋሽ ደምሰው እፎይ ብለው ተቀመጡ። ሴትዮዋም ነጠላዋን አስተካክላ ከጓዳ ወጣች።

ወዳጆቼ፣ ሕመሙ ከዳነ በኋላ ጋሽ ደምሰውን ቤት ያዋላቸው «መቼ ያፈስብኝ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ነው። ለዚህ ሐሳብ መላ ነበረው፤ እስኪናገሩ ግን ማንም ሊሰጣቸው አልቻለም። እናንተስ ዘንድ ለጥሪ ሁሉ «አይመቸኝም» የሚል ዘመድ የለም? ኮራብን ከማለታችሁ በፊት ምን እንዳስጨነቀው ጠይቃችሁታል?