ሞተሯን ያበላው ጅብ

አንድ ጊዜ የወንዝ ዳር እንስሳት ተዋጥተው በቤንዚን የምትሠራ ትንሽ የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዙ። ጉድ ነው ያሰኘች ሞተር ናት። ገመዷን ሳብ ሲያደርጉት ታጓራለች፣ ውሃው እየተንዶለዶለ ሽንኩርት ማሳው ውስጥ ይገባል። ከሁሉ በላይ የተደሰተችው አህያ ነበረች፤ እስከዚያ ድረስ ውሃው ሁሉ የሚጋዘው በእሷ ጀርባ ነበርና። ሞተሯ ብትበላሽ ወደ ጭነቷ እንደምትመለስ አሳምራ ታውቃለች።

ክረምት ገባና ሞተሯ እስከ በጋ የምትቀመጥበት ቤት ተፈለገ። ጅብ ማንንም ሳያስቀድም «እኔ ዘንድ ትሁን» አለ። በልቡ ግን በጋ ሲመጣ የእኔን ማሳ ታስቀድማለች ብሎ ነው።

ቀበሮም «እንግዲያው ስማኝ፣ አያ ጅቦ» አለው። «መጀመሪያ በደንብ ትቀዝቅዝ። ከዚያ ሆዷ ውስጥ ያለውን ቤንዚን በጀሪካን ቅዳና ክደነው፤ ሲቆይ ይበላሽና ያንቃታል። እሷንም ጀሪካኑንም እሳት የማይነድበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ደረቅ ቦታ አኑር።»

«አታስብ» አለ ጅብ።

ጅብ ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሆድ። ቤቱ ሲደርስ «ክረምቱን ሙሉ ጦሟን ልትከርም? በእኔ ቤትማ አይሆንም» ብሎ ቤንዚን እስከ አፏ ሞላላት። ክዳኗን እንኳ በቅጡ አላጠበቀውም። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ እንደ ጥጃ ምድጃው አጠገብ በጎኗ አስተኛት።

ቀበሮ የጅብን ነገር ያውቃልና አህያን «እስቲ ሄደሽ እይልኝ» አላት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እሷ ባልም አላስከተለች፣ ብቻዋን ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዋን መታት። ጅብ ጎንበስ ብሎ ከአመዱ ውስጥ ፍም ያወጣል።

«አያ ጅቦ፣ እባክህ እሳቱን ተወው፤ ቤንዚኑ እየፈሰሰ ነው።»

«በርዷት እኮ ነው፣ እመት አህያ። ግቢና አብረሽን ሙቂ» አላት ምራቁን እየዋጠ።

አህያ ፈራች፤ ግን ገባች። የሞተሯን እጀታ በጥርሷ ነክሳ ወደ ዝናቡ ጎተተቻት። ጅብም ራቱ እንዳያመልጠው ፍሙን ጥሎ ሲከተላት፣ ፍሙ መሬት ላይ የፈሰሰው ቤንዚን ላይ አረፈ። ቤቱ ባንዴ ቦግ አለ። ጅብ ጅራቱ እየጨሰ ሲወጣ አህያ ሞተሯን ይዛ ርቃለች።

ክረምቱ አለፈ። ቀበሮ ባለው መንገድ አህያ ዘንድ የከረመችው ሞተር ገመዷ እንደተሳበ ተነሳች። አህያ በደስታ ማሳውን እየዘለለች ዞረችው።

ይሄኔ ጅብ መጣና «ለአዲሱ ቤቴ ጭቃ ማቡኪያ ውሃ አጣሁ፤ ሞተሯን አውሱኝ» አለ።

አህያ ባዶ የውሃ ጀሪካኖች አምጥታ ጀርባው ላይ ጫነችበትና «ወንዙ በዚያ ነው፣ አያ ጅቦ» አለችው።

ከዚህ የምንማረው ሥራዋን የጨረሰች ሞተር የምትፈልገው ቤንዚኗ ተቀድቶ ከእሳት ርቃ መቀመጥን እንደሆነ፣ ሆዱን ብቻ የሚያውቅ ግን ደግ ያደረገ መስሎት የገዛ ቤቱን እንደሚያቃጥል ነው።