ዋስ ያጣው አንበሳ

አንበሳ ሽኮኮዎችን ሊጠብቅ መጣ፤ በሩ ተዘግቶ አገኘውና ተመለሰ። ነገሩ ይኸው ነው። እንዴት እንደሆነ ግን ልንገራችሁ።

ዘመኑ ሩቅ ነው። የአገሩንም ስም ያወሩልኝ ሰዎች አላነሱትም። በዚያ አገር ሁለት ገደሎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸው አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ በሩ ይሏታል። ገደሉ የሽኮኮዎች ነው። ድሮ ለአንበሳ ይገብሩ ነበር፤ ግብሩም በየዓመቱ ከየዋሻው አንድ ሽኮኮ ነበር። ከሦስት ክረምት በፊት አንበሳ ታሞ ጉልበት ሲያጣ፣ “ከእንግዲህ ራሳችሁን ቻሉ” ብሎ ለቀቃቸው። እነሱም አለቃ መረጡ። እሜት ሽኮኮ ትባላለች፤ ሁለት ልጆቿን ለግብር የሰጠች አሮጊት ናት።

ከዚያ አንበሳ ዳነና ከጅብ ጋር ጦርነት ገጠመ። ወደ ጅብ አገር የሚያደርሰው አጭር መንገድ በበሩ ያልፋል። በጉልበት እንዳይገባ ድንጋይ ከላይ ይወርድበታል። ስለዚህ ቀበሮን ላከ።

ቀበሮ መጣ። ስለ ዝናቡ ጠየቀ፤ ስለ ልጆች ጤና ጠየቀ። ቀጥሎ ጅብ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ አወራ። አያ አንበሶ ለሽኮኮዎች ሲያስብ እንቅልፍ እንዳጣ፣ አሥር ጠባቂዎች ብቻ በሩ ላይ ቢያሰፍር ልቡ እንደሚያርፍ ተናገረ።

“እስከ መቼ?” አለች እሜት ሽኮኮ።

“ጦርነቱ እስኪያልቅ።”

“ማለቁን ማን ይነግረናል?”

“አያ አንበሶ ነዋ።”

እኔ ያደግሁት ወታደር የሚሰፍርበት ቤት ነው። ለጥቂት ቀን ብለው ገብተው ሁለት መከር በሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ ሌላው ሲስቅ እኔ አልስቅም።

እሜት ሽኮኮ እንቢ አላለችም። “ባገራችን ውል ያለ ዋስ አይጸናም። ዋስ ጥራ” አለችው።

ቀበሮ ወደ ጎሽ ሄደ። ጎሽ ሣሩን እያላመጠ፣ “አያ አንበሶን አምነዋለሁ፤ ዋስ ግን አልሆነውም” አለ። ወደ ከርከሮ ሄደ። ከርከሮ ጭቃው ውስጥ እንደተኛ፣ “አያ አንበሶን አምነዋለሁ፤ ዋስ ግን አልሆነውም” አለ። ዝንጀሮ ገና ሳይጠየቅ ተናገረው። ኤሊ ደግሞ አንገቷን ከተተችና ከውስጥ ሆና፣ “አያ አንበሶን አምነዋለሁ፤ ዋስ ግን አልሆነውም” አለች።

ባዶ እጁን ተመለሰ።

“እንግዲያው ዋስ ያጣ ይቆራኛል” አለች እሜት ሽኮኮ። ሰዎች ልብስ ከልብስ ቋጥረው ባለጋራን ከባለጋራ ያስሩ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ነገሩ እስኪያልቅ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። “ልብስ የለንም። እኛማ ጅራትም የለን። ያንተ ግን ረዥም ነው።”

ቀበሮ ሳቀ። የጅራቱን ጫፍ በልጥ ከወገቧ ጋር አሰሩት። እሷም ሄዳ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጠች። “ውሉ ከፈረሰ አብረን እንወርዳለን” አለችው። ቁልቁል አየና መሳቁን ተወ።

አንበሳ መስማማት አለመስማማቱን ጠይቆ እንዲመጣ ቁራ ተላከ። እስኪመለስ ቀበሮ እሷ የምትበላውን ይበላ ነበር፤ ቅጠል። በሁለተኛው ቀን፣ “እዚህ አገር ሥጋ የለም ወይ?” አላት።

“አለ፤ እኛ ነን” አለችው።

በሦስተኛው ቀን ቁራ መጣ። አያ አንበሶ በውሉ መስማማቱን ተናገረ።

“ስለኔስ ምን አለ?” አለ ቀበሮ።

ቁራ ክንፉን ሲያስተካክል ቆየ። “ይሰሩት አለ። የታሰረው የሱ ጅራት እንጂ የኔ አይደለም አለ።”

ቀበሮ የታሰረ ጅራቱን አየ። ኋላ ወደ እሜት ሽኮኮ ዞረ።

“ስንት ጠባቂ ብዬሽ ነበር?”

“አሥር።”

“መቶ ናቸው። ውሉ እንደጸና ወዲያው ይገባሉ፤ ነገ ጧት ማለት ነው። አይወጡም። ዋሻዎቹን ለጭፍሮቹ አከፋፍሏል። ሲያከፋፍል እኔም ነበርኩ።”

“ላንተ የደረሰህ የቱ ነው?”

“ያንቺ።”

እሷም ከአፋፉ ተነሣች። ከዚያ ሽኮኮዎቹን ሁሉ ጠራች። ሕፃን አዋቂ ሳይሉ ቋጥኞቹን ከሥራቸው እየማሱ ወደ በሩ ሲያንከባልሉ ዋሉ። ቀበሮም እንደታሰረ ከጎኗ ሆኖ ይገፋ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ሞላ።

በማግስቱ አንበሳ መቶውን አስከትሎ መጣ። ድንጋዩን አየ፤ ቀና ብሎም፣ “ልጠብቃችሁ መጥቼ በር ትዘጉብኛላችሁ?” አለ።

“ተጠብቀናል፤ እግዜር ይስጥልን” አለች እሜት ሽኮኮ።

“ቀበሮስ የት ነው?”

“እዚህ ነኝ፤ ታስሬያለሁ” አለ ቀበሮ ከላይ። “ጅራቱ የኔ ነው።”

አንበሳ በረዥሙ መንገድ ዞረ። ጅብ ዘንድ ሲደርስ ጭፍራው ደክሞ ነበር። ተዋጉ፤ ሁለቱም ብዙ ሞተባቸው። ማን እንዳሸነፈ አልሰማሁም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ልጡ ተፈታ። ቀበሮ ወደ አንበሳ መመለስ ፈራና፣ “እዚሁ ልቅር” ብሎ ለመነ። ዋስ ጥራ አሉት። ጎሽንም ከርከሮንም አሰበ፤ ተነሥቶም ሄደ።

ዋስ ያጣ ጠባቂ፣ ውሎ አድሮ ነጣቂ።

ገደሉ ላይ ሽኮኮዎቹ ቀሩ።