ቀይ ሲበራ የቆመችው ዳክዬ

ተረት ተረት! የዳክዬ ጅራት!

በፈረንጅ አገር፣ ወደ ሰሜኑ በኩል፣ ቀይ መብራት ከበራ ዝንብ እንኳ ዝር የማይልበት ከተማ ነበረ። አንዲት እመጫት ዳክዬ ከዚያ ተነስታ፣ አራት ጫጩቶቿን ይዛ፣ ሙቀት ፍለጋ ወደ ደቡብ ወረደች።

አንድ መንገድ ዳር ስትደርስ ቀይ በራ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ እሷ ግን ቆመች። አንዲት ድመት በቀዩ እየተንጎራደደች ተሻገረችና፣ «አንቺ እመጫት፣ ማንን ነው የምትጠብቂው? ዘመድ ይመጣል እንዴ?» ብላ ሳቀችባት።

«ልጆቼ እያዩኝ በቀይ አልሻገርም!» አለች ዳክዬ።

አረንጓዴ በራ። ዳክዬ ልጆቿን አስቀድማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ግራ ቀኙን ሳታይ ገባች። ይኼኔ ጋሪ የሚጎትት አህያ እየጋለበ መጣ። ጫጩቶቹ ለጥቂት ተረፉ፤ የእናትየው የጅራት ላባ ግን ጎማው ሥር ቀረ።

«አንተ አህያ! ቀዩን አላየኸውም?»

«እሱንማ አየሁት፣ እናትዬ፤ አንቺ ነሽ እኔን ያላየሽኝ!» አላት ሳይቆም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ዳክዬ የምትሻገረው አንድ ዓይኗን ወደ መብራቱ፣ አንዱን ወደ አህያው አድርጋ ነው። ዓይኖቿ ግራና ቀኝ የቀሩት፣ ጅራቷም ያጠረው በዚሁ ነው ይባላል።

ተረቴን መልሱልኝ፣ ልጆቼን አሻግሩልኝ።