አይጥ መጥረጊያን የከሰሰች ዕለት

ተረት ተረት! የአናጢ ቤት!

አንዲት ምቾት ወዳድ አይጥ በአናጢ ቤት ሰጋቱራ ውስጥ ጎጆ ቀልሳ ትኖር ነበር። መጥረጊያ በየማታው ወለሉን ሙልጭ አድርጋ ስትጠርግባት ጊዜ ግን መረራትና ከቀዳዳዋ ሆና ለቤቱ ዳኛ ለአያ ድመት ጮኸች።

«ኧረ አያ ድመት፣ ይቺን መጥረጊያ አንድ ይበሉልኝ! ጎጆዬን አፈረሰችብኝ።»

«ወለሉ ሲጠረግ እኮ የአያ ድመት ጥፍር ጣውላው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ከሩቅ ይሰማሻል» አለች መጥረጊያ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለቻት አይጥ።

አያ ድመት ጢሙን ላሰና «እውነትሽን ነው፣ እመት አይጥ። ከዛሬ ጀምሮ ሰጋቱራ እንዳይጠረግ!» ሲል ፈረደ።

አይጥ መርቃው ገባች። መጋዙ ሥራውን አላቆመምና ሰጋቱራው እንደ ፍራሽ ወፈረ። አያ ድመት በላዩ ሲመጣ ኮሽ ያለ ነገር አልነበረም።

ጠዋት መጥረጊያ ሰጋቱራው ላይ አንዲት ጅራት አየች። እንዳይጠረግ ተፈርዷልና አልነካቻትም።