አዲስ ቀለም የተቀባው ሎደር

የሰፈሩን መንገድ ሊያስጠርጉ ያሰቡ ሽማግሌዎች፣ ባለሀብቱ አቶ ይርዳው የሚሸጡትን አሮጌ ባለሰንሰለት ሎደር የሚያይላቸው አንድ ሸምገል ያለ ኦፕሬተር ይዘው ሄዱ። ሎደሩ ቢጫ ቀለም ተለቅልቆ፣ ሞተሩ እነሱ ሳይደርሱ ተነስቶ እያጓራ ጠበቃቸው። ኦፕሬተሩ ሞተሩን ነካ ቢያደርገው እጁን ፈጀው። ያረጀ ሞተር ጉዱ የሚወጣው ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ሲያስነሱት ነውና፣ ሆን ተብሎ ቀድሞ እንዲሞቅ መደረጉ ገባው። ግን እንዴት ይናገር? በከተማው ለእሱ ሥራ የሚሰጡት እኚሁ አቶ ይርዳው ናቸው።

አቶ ይርዳው ደረታቸውን ነፍተው፣ "እንከን የሚያወጣለት ወንድ ካለ ልየው! በል ተናገር፣ እንዴት አገኘኸው?" አሉት።

"ጌታዬ፣ ቁርጥ እኔን!" አለ። "ሁለተኛ ሚስቴን ያገባሁ ዕለት ጸጉሬን ጥቁር ቀለም ተቀብቼ፣ አማቶቼ ፊት ጉልበቴ ቋ ቋ እንዳይል አረቄዬን ገልብጬ፣ ሞቅ ብሎኝ ነበር የሄድኩት። ያየኝ ሁሉ ጎረምሳ ነው አለ። እና አባቶቼ፣ እኔን ተዉኝና ነገ በማለዳ ማንም ሳያሞቀው መጥታችሁ እዩት። ሚስቴም ማንን እንዳገባች ያወቀችው በማግስቱ ጠዋት ነው።"