የላላው ቡሎን

ተረት ልንገራችሁ፤ ዳቦ ግን አልቀበልም፣ የሚናገረው አፍ መሮታል።

በአንድ ከተማ ቢያድግልኝ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር። መኪናውን ዘይት ሊያስቀይር ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ሸዋንግዛው አሮጌውን ዘይት አፈሰሰ፤ የማፍሰሻውን ቡሎን በጣቱ ዞር ዞር አደረገና፣ በቁልፍ ሳያጠብቅ አዲሱን ሞልቶ "ሂድ ጋሼ!" አለው። አቀበቱ ወገብ ላይ ቡሎኑ ወለቀ፤ ዘይቱ ፈሰሰ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ከጋራዡ በር ጀምሮ አስፋልቱ ላይ ዘይት እንደ ደም ተንጠባጥቧል።

ሸዋንግዛው ግን ሌላ አስወራ። "የዘይት መብራቱ በርቶ እያየ የነዳው እሱ ነው። ዲግሪ ዘይት አይለካም!" ተማሪዎች ሰሌዳው ላይ "ቲቸር፣ ዘይት ለኩ?" ብለው ጻፉበት።

ቢያድግልኝ ሞተር ካሱኝ አላለም። አንድ ቃል ብቻ ፈለገ፤ "ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ" የሚል።

"በል ተናገር" አለው መካኒኩን።

"አልናገርም። ቡሎን እንደሁ ምላስ የለው፣ ማን ሊመሰክርብኝ?"

ቢያድግልኝ ወደ ጋራዡ ባለቤት ሄደ። "እትዬ ፈለቀች፣ ሠራተኛዎን ይዘዙልኝ።"

"አላዝም! የእህቴ ባል ነው። ላንተ ቡሎን ብዬ እህቴን ላስቀይም?"

ባለቤቷ መካኒኩን አላዝም አሉ፤ መካኒኩ ቃሉን አልናገርም አለ፤ የቢያድግልኝም ስም በየሱቁ በራፍ ተሳቀበት።

ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄደ። "ጋሽ ወልደሰንበት፣ የጋራዡን ባለቤት ይጥሩልኝ።"

"አልጠራም። ሚኒባሴ ጎማዋ ወልቆ እሷ ጋራዥ ቆማለች። ዛሬ ብጠራት ነገ ማን ይሠራልኛል? አንተም የተማርክ ሰው ነህ፣ ቻለው።"

ዳኛው ባለቤቷን አልጠራም አሉ፤ ባለቤቷ መካኒኩን አላዝም አሉ፤ መካኒኩ ቃሉን አልናገርም አለ፤ የቢያድግልኝም ስም በየሱቁ በራፍ ተሳቀበት።

ወደ ቄሱ ሄደ። "አባቴ፣ ዳኛውን ይገሥጹልኝ።"

"አልገሥጽም ልጄ። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው። ይቅር በል፤ ይቅርታ ጽድቅ ነው።"

"ማን ይቅርታ ጠየቀኝ አባቴ?" አለ። ተናዶ ወጣ።

ቄሱ ዳኛውን አልገሥጽም አሉ፤ ዳኛው ባለቤቷን አልጠራም አሉ፤ ባለቤቷ መካኒኩን አላዝም አሉ፤ መካኒኩ ቃሉን አልናገርም አለ፤ የቢያድግልኝም ስም በየሱቁ በራፍ ተሳቀበት።

በመጨረሻ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ዘንድ ደረሰ። "ጋሽ ድንበሩ፣ ይንፉልኝ።"

"ማን ሞተ?"

"ሞተሬ።"

ሽማግሌው ሊስቁ ነበር፤ ፊቱን አዩና ተዉት። "ዕድርተኛ ነህ?"

"አሥራ አራት ዓመቴ።"

"የገበሬ በሬ ሲሞት ነፍቻለሁ። ያንተ በሬ እሷ አይደለች? እኔ ደግሞ ከነፋሁ አሟሟቱን ሳልናገር አልመለስም።"

በማግስቱ ማለዳ ጡሩምባው ጮኸ። "የመምህር ቢያድግልኝ ሞተር፣ ቡሎኑ ሳይጠብቅ ተለቆ፣ ዘይቱ ፈሶ፣ ዐርፏል! ለቅሶ ድረሱ!"

ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ግማሹ እየሳቀ፣ ግማሹ እየተቆጣ መኪናዋን ከቦ ተቀመጠ። ለቀስተኛ አሟሟት ይጠይቃል።

"ማነው ያላጠበቀው? እናንተስ ሰምታችሁ ዝም አላችሁ?" አለ ሰው ወደ ቄሱ፣ ወደ ዳኛውና ወደ ባለቤቷ ዞሮ።

ቄሱ አፈሩና ዳኛውን ገሠጹ፤ ዳኛው ደነገጡና ባለቤቷን ጠሩ፤ ባለቤቷ ቱግ አሉና መካኒኩን አዘዙ፤ መካኒኩም ከሰው መሃል እየተገፋ ወጣ።

"ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ" አለ ለጫማው።

"አልሰማንም!" አሉ ከኋላ ያሉ ሴቶች። "ሟቹም አልሰማ!"

"ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ! እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ!" ከዚያ እጁን ዘረጋ። "እንግዲህ ይቅር በለኝ፣ ጋሼ።"

ቢያድግልኝ የተዘረጋውን እጅ አየው፤ አልጨበጠውም።

"የፈለግሁት ቃሉን ነበር፤ ቃሉን አገኘሁ። ይቅርታውን ቄሱን ጠይቃቸው፤ እሳቸው ያውቁበታል።"

ተረቴ እዚህ ቆመ፤ መኪናዋም እዚያው እንደቆመች ናት።